የአሮጌ ፒክአፕ የፊት መብራት ሲቀየር

ጣርማበር ላይ ጉም በገባበት ማታ ያረጀ ሃይሉክስ ይዞ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው፣ መብራቱ መድከሙን የሚነግረው መካኒክ አያስፈልገውም። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ሱቅ ገብቶ «የሃይሉክስ የፊት መብራት» ይላል፣ የሚያብለጨልጭ ጥንድ ይወጣለታል፣ ያስገጥማል፣ ማታ ሲያበራው ያው ድንግዝግዝ ነው። አለዚያም ለራሱ መንገዱ ደህና ይታየውና ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ረጅም እያበራ እያጠፋ ይሰድበዋል። ሁለቱም የሚደርሱት መብራት በመስታወቱ ማማር ስለሚመረጥ ነው። መስታወቱ መጨረሻ የሚታይ ነገር ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ኤሌክትሪኩ ነው፣ እሱም ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ። ሞተሩን አስነስታችሁ አጭር መብራት አብሩ። አምፖሉ እንደተሰካ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ከሶኬቱ ጀርባ አስገብታችሁ ለኩ፤ ቀጥሎ ባትሪው ላይ ለኩ። ባትሪው 14 ቮልት እያሳየ ሶኬቱ 12.5 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ብርሃኑን የበላው ሽቦው ነው። ሃሎጅን አምፖል ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ «ትንሽ ጎደለ» የሚባል ነገር የለም። በአሮጌ ፒክአፕ ላይ የሁለቱ አምፖሎች ኃይል በሙሉ፣ 9 አምፔር አካባቢ፣ መሪው ሥር ባለው ማብሪያና በቀጭን ሽቦ ያልፋል። ማብሪያው ከውስጥ ጠቁሯል፣ ኔጌቲቩ ቦዲው ላይ የታሰረበት ብሎን ዝጓል።

ብሎኑን ፈትታችሁ ላሜራው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ መልሳችሁ እሰሩ፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ሪሌ ይግባ፣ ማለትም በማብሪያው ፈንታ ትልቁን ኃይል ከባትሪው የሚያሳልፍ መቀያየሪያ፤ ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ አንድ፣ እያንዳንዳቸው 30 አምፔር፣ ሽቦው ከ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ፣ 15 አምፔር ፊውዝ ባትሪው አጠገብ። እዚህ ላይ ኤሌክትሪሻኑን አንድ ነገር አስታውሱት። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ፖዘቲቩ በቀጥታ አምፖሉ ድረስ ይሄዳል፣ ማብሪያው የሚዘጋና የሚከፍተው ኔጌቲቩን ነው። ይህን ሳያጣራ በተለመደው አሠራር ሪሌ የሚያስር ሰው ረጅሙ እንቢ ይለዋል፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ ምልክት ያለቦታዋ ትበራለች።

ቮልቴጁ ደህና ከሆነ አምፖሉን አውጡና በቀዳዳው በስልክ ባትሪ ወደ ውስጥ እዩ። ብርማው አንጸባራቂ ደብዝዟል? ከአምፖሉ በላይ ያለው ቦታ ቡናማ ሆኗል? ተላጥቷል? አንዱ እንኳ ካለ የመብራቱ ቤት፣ ማለትም አንጸባራቂውና መስታወቱ ያሉበት አካል፣ አብቅቶለታል፤ የሚያድነው ቀለምም ሆነ ፖሊሽ የለም። አንጸባራቂው ጤነኛ ሆኖ የፕላስቲኩ መስታወት ብቻ ቢጫ ከሆነ ግን ለመግዛት አትቸኩሉ። ፀሐይ የሚያቃጥለው ላዩን ነው፣ በደጋ ደግሞ ይብሳል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በውሃ እያራሳችሁ በብርጭቆ ወረቀት 800፣ ከዚያ 1500፣ ከዚያ 2000 ፈግፍጉት፣ በፖሊሽ ጨርሱና ጨረር የሚከላከል ክሊር ቫርኒሽ ቀቡት። ቫርኒሹን የዘለለ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ቢጫውን መልሶ ያገኘዋል። መስታወቱን በጥርስ ሳሙና ፈግፍጉ የሚባለውን ተዉት።

መግዛት የግድ ሲሆን «የሃይሉክስ» ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። ከ1997 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የወጣው ሞዴል በ2001 ፊቱ ተቀይሯል፣ መብራቱም አብሮ። ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው ቪጎ እስከ 2011 የነበረው መብራትና ከ2011 ለውጥ በኋላ ያለው አይገጣጠሙም፤ አዲሱን ፊት አሮጌው ላይ ለማድረግ ማስኬሪናው (የፊት ፍርግርጉ)፣ ፓራውልቱና ኮፈኑ ሁሉ አብሮ ይመጣል፣ ያ ደግሞ የባትላሜራ ሥራ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ የአሮጌውን ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ ከተቻለ ራሱን ፈትታችሁ ያዙ። ቶዮታ ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር በ81110 ከጀመረ የቀኝ፣ በ81150 ከጀመረ የግራ ሙሉ መብራት ነው፤ 81130 እና 81170 አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ብቻ ናቸው፣ አምፖሉና ሽቦው ከአሮጌው ይዛወራል። ግራና ቀኝ የሚባለው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ወደፊት ለሚያይ ሰው ነው። ሻጩ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያይ ይገለብጠዋልና ደግማችሁ ጠይቁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው፣ እኔ ግን ከሁሉም የማስቀድመው ነገር። የአጭር መብራት ብርሃን ቀጥ ያለ አይደለም፤ በአንድ በኩል ወደ ላይ ይነሳል፣ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ። በቀኝ ለሚነዳ አገር፣ እንደኛ፣ የሚነሳው በቀኝ ነው። በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት ግን በግራ ይነሳል፤ ይህም ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ማለት ነው። ከጃፓን፣ ከታይላንድ፣ ከእንግሊዝ ወይም ከኬንያ የመጣ ያገለገለ ጥንድ በሙሉ እንዲህ ነው፤ የዱባዩ ለኛ ይሆናል። ወደ ላይ ወደ ታች በማስተካከል አይድንም፤ ዝቅ ካደረጋችሁት መንገዱ ይጠፋል።

ማወቂያው መስታወቱ ላይ ነው። ክብ ውስጥ «ኢ» ከነቁጥሩ ተጽፎ ካገኛችሁ አጠገቡ ቀስት ፈልጉ። ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ወደ ቀኛችሁ የሚያመለክት ቀስት ካለ ለግራ ነጂ አገር የተሠራ ነው፣ መልሱት። ቀስት ከሌለው ለኛ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ለሁለቱም የሚዞር ነው። እዚያው «ኤች ሲ አር» የሚል ፊደል ሃሎጅን፣ አጭርና ረጅም በአንድ ላይ ማለት ነው። ለጃፓን ገበያ በተሠራ መብራት ላይ ምልክቱ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ 12 ቮልት ሰጥታችሁ ግድግዳ ላይ አብሩት፣ የሚነሳው ጫፍ በየት በኩል እንደሆነ ከ3 ሜትርም ቢሆን ይለያል።

ስለ ጥራት ብዙ ይወራል። ጃፓን ውስጥ መብራቱን የሚሠሩት እንደ ኮይቶና ስታንሌይ ያሉት ናቸው፤ ከታይዋን ዴፖና ቲ ዋይ ሲ ደህና ናቸው። ስም የሌለውን ግን ከካርቶኑ አውጥታችሁ መርምሩት። የማስተካከያውን ብሎን በካቻቢቴ አዙሩ፣ አንጸባራቂው አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከላላ ወይም ከዘለለ ፒስታ መንገድ በሳምንት ይጨርሰዋል። የብሎን ጆሮዎቹን በአውራ ጣት ጫን በሉ፤ ቀጭንና ደረቅ ከሆኑ ይሰበራሉ። መስታወቱና ቤቱ የተጣበቁበትን መስመር ዙሪያውን ተከተሉ፣ ማጣበቂያው የተቋረጠበት ቦታ ካለ ክረምት ላይ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። አንጸባራቂው ላይ የራሳችሁን ፊት ስታዩ ሞገድ ካለው ብርሃኑም ሞገድ ነው። ከደብረ ብርሃን መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ወርዶ አንጸባራቂው ንጹሕ የሆነ ያገለገለ ኦሪጅናል ማግኘት፣ ስም ከሌለው አዲስ ይሻላል እላለሁ። ጥንዱን አንድ ላይ ግዙ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆኖ የሚነዳ መኪና ማታ ሞተር ሳይክል ይመስላል።

አምፖሉ ኤች4 (አጭርና ረጅሙን በአንድ አምፖል የያዘው) ከሆነ 60/55 ዋት ይበቃል። 100/90 የሚባለው ሶኬቱን ያቀልጣል፣ አንጸባራቂውን ያጠቁራል፤ ያን ቡናማ ቀለም የሚያመጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በኤች4 ቤት ውስጥ የሚሰካ ኤልኢዲም ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታ ከሃሎጅኑ የሚበራ ክር ቦታ ጋር ካልገጠመ ይበትነዋል፣ ጉም ውስጥ ደግሞ ነጭ ግድግዳ ይሠራል። የአምፖሉን መስታወት በጣት አትንኩ።

መግጠሙ ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ማስኬሪናውን አውጡ። ክሊፖቹ ደርቀዋልና በጠዋት ውርጭ አትታገሏቸው፣ ፀሐይ ይምታቸው። ከዚያ ባለ 10 ቁልፍ ነው። አንዳንዱ ሞዴል ፍሬቻው መቅደም አለበት። ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ካስያዛችሁ በኋላ ብቻ አጥብቁ። ግጭት ያየ መኪና ከሆነ ጆሮው ላይደርስ ይችላል፤ በብሎን ጎትታችሁ አታምጡት፣ ይሰነጠቃል፣ የመያዣው ላሜራ ይቃና።

ከኋላ ያለውን ጎማ ሽፋን ግን በትኩረት አስገቡት፣ ጆሮዋ ወደ ታች። የመብራት ቤት ይተነፍሳል። ከጣርማበር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ስትወርዱ የአየር ግፊቱ ይጨምራል፤ የቆላው ሙቅና እርጥብ አየር ወደ ቀዘቀዘው ቤት ይገባና መስታወቱ ላይ ይጤዛል። ቀጭን ጤዛ መብራቱ በርቶ ከቆየ በኋላ ከጠፋ ጤናማ ነው። ሥሩ ውሃ ከተጠራቀመ ግን ወይ ጎማው ተጣሟል ወይ ማጣበቂያው ለቋል። መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን መድፈን የባሰ ነው፤ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣና አንጸባራቂውን ይበላዋል።

የመጨረሻው ማስተካከል ነው። ጎማዎቹ ነፋሳቸው ልክ ይሁን፣ ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቁ። የአምፖሉን መሀል ከመሬት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ፤ የአጭሩ ብርሃን አናት ከምልክቱ ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። አንዱን በጨርቅ ሸፍናችሁ ሌላውን አስተካክሉ። ባዶውን አስተካክላችሁ በበነጋው 8 ኩንታል ገብስ ከጫናችሁ ጭራው ይቀመጣል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ ልኩም ይጠፋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ፣ ሾፌር አስቀምጣችሁ ለኩ። ቪጎ ላይ ጋቢና ውስጥ የመብራት ማስተካከያ ቁልፍ ካለ ከመለካታችሁ በፊት ዜሮ ላይ አድርጉት፤ በዚያ ቁልፍ መብራቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ትንሽ ሞተር አዲሱ ቤት ላይ መሰካቱንም ያኔውኑ አረጋግጡ፣ ብዙዎቹ የታይዋን ቤቶች ያለሞተሩ ነው የሚመጡት።