አሮጌ ቡፌ ከመቀባቱ በፊት

ከመርካቶው ምናለሽ ተራም ሆነ ቤት ከሚለቅ ሰው አሮጌ ቡፌ ስትገዙ፣ መጀመሪያ መሳቢያውን አውጥታችሁ ከሥሩ እዩት። ደቃቅ ቀዳዳና እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካለ ነቀዝ ገብቶበታል። ምንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ፤ ወደ ሌላው ዕቃም ይዛመታል።

ቀለም የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ በቀለሙ ጥፋት አይደለም። ለዓመታት የጠጣው ሰምና የወጥ ቤት ቅባት ሳይለቅ ስለሚቀባ ነው። በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አንድ ቀን አድርቁት። ከዚያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የቫርኒሹን ማብረቅረቅ አጥፉ፤ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍናችሁ በ220 አለስልሱ፣ ብናኙንም ጥረጉ። ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ፣ አይዘለልም። በላዩ ሁለት ስስ ቅብ፣ በመካከሉ አንድ ሌሊት ማሳደር። አንድ ወፍራም ቅብ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ በሩ ሲዘጋ ይጣበቅና ሲከፈት ይገሸለጣል። በክረምት ደግሞ ማድረቂያውን ጊዜ እጥፍ አድርጉት።

የጅማ በርጩማን ግን እባካችሁ አትቀቡት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ አዋቂ ገዢ የሚከፍለው ስንት ዓመት ተቀምጠውበት ለወዛው ገጹ ነው። በደረቅ ጨርቅ መወልወልና ትንሽ ሰም ይበቃዋል።