ቹባካ ሞቷል ወይስ አልሞተም?

ስታር ዋርስን በፊልም ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ጥያቄ ሊሆን አይችልም፣ ያ ፀጉራሙ የሃን ሶሎ ጓደኛ 2015 ላይ በወጣው ፊልም ደህና ሆኖ የጠፈር መርከቧን ሲያበር አይተነዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። መጽሐፎቹን ሲከታተል የነበረ ሰው ግን 1999 ላይ አልቅሶ ቀብሮታል። ቬክተር ፕራይም የሚለው የሳልቫቶሬ መጽሐፍ ላይ ሰርንፒዳል የምትባለው ፕላኔት ላይ የገዛ ጨረቃዋ ልትወድቅባት ነው፣ ቹባካ ሰው ሲያስወጣ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የሃንን ትንሹን ልጅ አናኪንን ለአባቱ አቀብሎ እሱ ውጪ ይቀራል፣ ልጁም መርከቧን አስነስቶ ካልሄደ ሁሉም ማለቃቸው ስለሆነ ጥሎት ይሄዳል። ጨረቃዋ ስትመጣበት ቆሞ እየጮኸባት ነው የሞተው። ከዛ በኋላ ሃን የገዛ ልጁን ማየት እንኳን ሲከብደው ታነባለህ። እኔ ከፊልሞቹ ሁሉ እንደዚህ አንጀቴን የበላኝ ነገር የለም።

ከዛ ሚያዝያ 2014 ሆነና፣ ዲዝኒ ከገዛው ሁለት ዓመት ያልሞላው ሉካስፊልም መግለጫ አወጣ። ከስድስቱ ፊልሞችና ከክሎን ዋርስ አኒሜሽን በቀር እስከዛ ድረስ የወጣው ልብወለድ፣ ኮሚክስ፣ ጌም ምናምን በሙሉ "ሌጀንድስ" ተባለ፣ ኦፊሻል ታሪኩ ውስጥ የለም ማለት ነው። መጽሐፎቹም ሲታተሙ ሽፋናቸው ላይ ይሄው ቃል ተለጠፈባቸው።

ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል። አዲስ ፊልም የሚሰራ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ሲጻፍ በኖረ የመጽሐፍ ክምር ሊታሰር አይችልም፣ ቹባካንም መልሶ ቢፈልገው መብቱ ነው። ግን እኮ ይሄን ለማድረግ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም ነበር፣ ፊልሙን መስራት ብቻ ነው። እኔን የሚያናድደኝ አንባቢውን ሰብስቦ "ያ የወደድከው ነገር አልተፈጠረም" ብሎ ማወጁ ነው፣ ያ ለማን ይጠቅማል?

ቢሮ ውስጥ መዝገብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ሉካስፊልም ውስጥ ሊላንድ ቺ የሚባል ሰው ከ2000 ጀምሮ ሆሎክሮን የሚባል ዳታቤዝ ሲይዝ ነበር፣ አንድ ደራሲ የሆነ ገፀባህሪ የት እንደተወለደ ቢጠይቅ መልስ የሚያገኝበት፣ በጣም ጥሩ ስራ ነው። ግን ዳታቤዙ ውስጥ ደረጃ ነበረ፣ የስታር ዋርስ ፈጣሪ የጆርጅ ሉካስ የራሱ ጂ፣ የቲቪው ቲ፣ የመጽሐፍና የኮሚክሱ ሲ እያለ ይወርዳል፣ ይሄ ደረጃ አድናቂው እጅ ሲገባ መከራከሪያ ሆነ። አንዱ ስለ አንድ ትዕይንት ልቡ ተነክቶ ሲያወራ ሌላው ይመጣና "እሱ እኮ ሲ ነው" ይለዋል፣ ወሬው እዛ ጋ ያልቃል። ታሪኩ ጥሩ ነው ወይ፣ ሰውየው ለምን እንደዛ አደረገ፣ ማንም አይጠይቅም።

ዶክተር ሁ (Doctor Who) የሚባለውን የእንግሊዝ የቲቪ ድራማ ደግሞ እዩት። ቢቢሲ ከ1963 ጀምሮ ሲሰራው ይሄ ካነን (ኦፊሻል ታሪክ) ነው ይሄ አይደለም የሚል ኦፊሻል ፖሊሲ አውጥቶ አያውቅም። አትላንቲስ እንዴት እንደጠፋች 1967 ላይ አንድ ነገር ተባለ፣ 1971 ላይ ሌላ፣ 1972 ላይ ደግሞ ሌላ፣ ሶስቱም አብረው ይኖራሉ፣ ፕሮግራሙም ምንም አልሆነ። ዋናውን ገፀባህሪ ዶክተሩን ተዋናዮች እየተቀያየሩ ነው የሚጫወቱት፣ ስምንተኛው ዶክተር ፖል ማክጋን ቲቪ ላይ በአንድ ፊልም ብቻ ታይቶ ከዛ ለዓመታት በድምፅ ድራማ ነው የቀጠለው፣ ቢግ ፊኒሽ በሚባል ድርጅት። 2013 ላይ ለሃምሳኛ ዓመቱ በተሰራ አጭር ፊልም ተመልሶ መጣና ሊሞት ሲል የጓደኞቹን ስም ጠራ፣ ቻርሊ፣ ክሪዝ፣ ሉሲ፣ ታምሲን፣ ሞሊ። እነዚህ ሰዎች ስክሪን ላይ ታይተው አያውቁም፣ በጆሮ ብቻ የምናውቃቸው ናቸው። ያንን ሁሉ ዓመት ሲያዳምጥ ለነበረ ሰው ያቺ ቅፅበት ምን ማለት እንደሆነች መናገር ይከብዳል፣ መግለጫ የለ ደረጃ የለ፣ ጸሐፊው ስለወደዳቸው ብቻ ጠራቸው።

ፖሊሲ ከሌለ አዲስ ሰው ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል የሚሉ አሉ። እሱ ግን የንባብ ቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፣ ዝርዝር አውጥቶ መስጠት ይቻላል፣ የቀረውን ውሸት ነው ማለት ሳያስፈልግ።

ስታር ዋርስ ራሱም እኮ በውሳኔው መጽናት አልቻለም። ደራሲው ቲሞቲ ዛን 1991 ላይ የፈጠረው ትራውን የሚባለው ገፀባህሪ በ2014ቱ መግለጫ ከኦፊሻል ታሪኩ ከወጡት አንዱ ነበር፣ 2016 ላይ ሬበልስ አኒሜሽን ውስጥ መልሰው አመጡት፣ በዓመቱ ደግሞ ዛን ራሱ ስለሱ አዲስ መጽሐፍ ጻፈ። የተመለሰው በደንብ የተጻፈ ሰው ስለሆነ ነው፣ አንባቢው ሊረሳው ስላልቻለ። እንግዲህ ዳታቤዙ ለደራሲዎቹ ቢሮ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከሽፋኑ ላይ ግን "ሌጀንድስ" የሚለውን ቃል ያንሱልን፣ ቬክተር ፕራይምን ዛሬ የሚጀምር ልጅ ቹባካን እኔ እንዳነበብኩት ያንብበው።