ጀጎል ውስጥ ለቡድን ማረፊያ ሲፈለግ

ሐረር ለሚሄድ ቡድን ማረፊያ ሲፈለግ የሁሉም ጥያቄ «የትኛው ቤት ያምራል?» ነው። እኔ የሚገባበትን የግንቡን በር ነው የማስቀድመው። ጀጎል፣ በግንብ የተከበበው አሮጌው ሐረር፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ከተማ ስለሆነ ካርታ ላይ ሁሉም ቤት ቅርብ ይመስላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ ሁለት ልጆችና የአሥራ ሁለት ሰው ሻንጣ ሲጨመሩበት ግን በየትኛው በር እንደተገባ ከአልጋው ምቾት በላይ ይከነክናል።

ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ስድስተኛው ሐረር በር ኋላ ላይ ለመኪና ተብሎ የተከፈተ ነው፤ ከእሱ መሀል ጀጎል ካለው አደባባይ ከፈረስ መጋላ ድረስ ያለው መንገድ ቀጥ ያለና ሰፊ ነው። ቡድኑ በሚኒባስ ወይም በኮስተር ከመጣ ማራገፊያው ፈረስ መጋላ አለዚያም ከሐረር በር ውጭ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው፤ ሲቀና በባጃጅ። ሸዋ በር ለመናኸሪያው ስለሚቀርብ በጠዋት ወደ ድሬዳዋ ለሚመለስ ሰው ይመቻል፤ ገበያው እዚያው በሩ ሥር ስለሆነ ግን ሻንጣ ተሸክሞ በግርግሩ መሀል ማለፍ አለ። ጅብ ሲመገብ ማየት የሚፈልጉ ፈላና በርን ወይም ሰንጋ በርን ይወዳሉ፤ ማብላቱ ሲካሄድ የኖረው ከእነዚህ በሮች ውጭ ነው፣ ሲመሽ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ። ከዚያ መልስ በጨለማ ረጅም መንገድ መሄድ ልጅ ለያዘ ሰው አይመከርም። ጅቦቹም እኮ ሌሊት ከተማው ውስጥ ይዞራሉ፤ ግንቡ ላይ ለእነሱ መግቢያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉ፣ ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል።

እኔን ብትጠይቁኝ ለተቀላቀለ ቡድን ከፈረስ መጋላ በእግር አምስት ደቂቃ የሚወስድ፣ ከዋናው መንገድ አንድ እጥፋት ብቻ ገባ ያለ ቤት ይሻላል። የመኪናው ጩኸት አይደርስም፣ ሻንጣውም አይርቅም። ባለቤቱ በስልክ «ቅርብ ነው» ሲል አትመኑት፤ ለእሱ ቅርብ ነው። መኪና ከሚቆምበት እስከ ቤቱ በር ድረስ እየሄደ በስልኩ ቀርጾ በቴሌግራም እንዲልክ ጠይቁት። ሁለት ደቂቃ በማይሞላው ቪዲዮ ውስጥ ደረጃው፣ ቁልቁለቱ፣ የድንጋዩ ንጣፍና የመንገዱ ጥበት ሁሉም ይታያል። ሰው ከሰው ጎን ለጎን የማያልፍበት መተላለፊያ አለ፤ ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ እዚያ መጎተት መከራ ነው። ለቡድኑ አስቀድሞ «የጀርባ ቦርሳ ያዙ» ብሎ መናገር ከተሸካሚ ፍለጋ ያድናል።

ስለ ቤቱ እንነጋገር። ጀጎል ውስጥ በእንግዳ ማረፊያነት የሚከራየው አብዛኛው ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ነው። ሆቴል አይደለም፣ የሰው ቤት ነው፤ ቤተሰቡም እዚያው ይኖራል። ጫማ ውጭ አውልቀው ሲገቡ ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይቀበላችኋል፦ ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ ከፍ ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች፣ ግድግዳውን የሞሉ ሰፌዶችና ሳህኖች። መደቦቹን ነደባ ይሏቸዋል። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ መቀመጫ ነው፤ ሻንጣ አይከመርበትም፣ እግርም አይዘረጋበትም። ይህንን ለቡድኑ ቀድሞ ያልነገረ አስተባባሪ በመጀመሪያው ምሽት ያፍራል።

ፎቶ ላይ የሚወጣው ይህ ክፍል ነው፣ ተከራዩ የሚተኛው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከዋናው ክፍል ጎን ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ ድሮ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ናት። ዛሬ «የሁለት ሰው ክፍል» ተብላ ትከራያለች። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ብርሃኗ ያነሰ፣ ከሳሎኑ የሚለያት ሙሉ ግድግዳ ላይኖር የሚችል ናት። ለባልና ሚስት ትሆን ይሆናል፣ ለሁለት የሥራ ባልደረቦች ግን አትሆንም። ፎቁ ቀላ ይባላል፤ ደረጃው ቀጥ ያለ በመሆኑ ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ትልቅ ሰው እዚያ አይመደብም። ከግቢው ጎን በቅርብ የተሠሩ ክፍሎች ካሉ ለአዛውንቶቹ እነሱን ያዙ፣ መልካቸው ባያምርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሽንት ቤት ቁጠሩ። የጀጎል ግንብና ከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ነባር ቤት እንደ ልብ ማፍረስና መጨመር አይቻልም፤ ስለዚህ ስድስት ክፍል አልጋ ያለው ግቢ ሁለት ሽንት ቤት ብቻ ቢኖረው አይገርምም። ሒሳቡ ቀላል ነው። አሥራ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሽንት ቤት ከነሻወሩ፣ ለአንድ ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ፦ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ጉዞው ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነና ለቁርስ ግማሽ ሰዓት ካስፈለገ የመጀመሪያው ሰው ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት አለበት። እኔ ለአራት ሰው አንድ ሽንት ቤት የሌለውን ቤት ለቡድን አልይዝም።

ውሃው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐረር ድሮ ውሃ የምታገኝበት የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ውሃ በፈረቃ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ቧንቧው ለቀናት ላይመጣ ይችላል። «ውሃ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ «አለ» ከሚል መልስ ሌላ አያመጣም። ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቁ። አንድ እንግዳ በቀን አርባ ሊትር ቢጠቀም አሥራ ሁለት ሰው ወደ አምስት መቶ ሊትር ይጨርሳል፤ የቤተሰቡ ፍጆታ ሲታከልበት ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሦስት ቀን ቢያቆይ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ሮቶው የት እንደተቀመጠ ነው። መሬት ላይ ካለ ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ ይቆማል። ከፍ ብሎ ከተሰቀለ በራሱ ይወርዳል። ሻወሩ ላይ የሚገጠመው ማሞቂያም ያለ መብራት አይሠራም፣ ስለዚህ ሙቅ ውሃ ተስፋ የተደረገበት ጠዋት ባልዲ ሊያስይዝ ይችላል። ብዙዎቹ ባለቤቶች ይህን በግልጽ ሲጠየቁ በግልጽ ይመልሳሉ፤ የሚድበሰበሰው በደፈናው ሲጠየቅ ነው።

አስተባባሪዎች «ሁላችንም አንድ ጣሪያ ሥር» የሚለውን ሐሳብ ይወዳሉ። ይገባኛል፤ ማታ ቁጭ ብሎ መጫወቱ የጉዞው ግማሽ ነው። ነገር ግን የጀጎል ቤት ከስምንትና ከአሥር ሰው በላይ በምቾት አይይዝም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ሽንት ቤቱ ይጨናነቃል፣ ቤተሰቡም ይሰለቻል። በአምስት ደቂቃ የሚገናኙ ሁለት ቤቶች መያዝ ይሻላል፤ ማታ አንደኛው ቤት መሰብሰቢያ ይሁን። ክፍፍሉ ግን በገንዘብ አይሁን። ደረጃ የሚከብደው፣ ሌሊት የሚነሳው፣ ሕፃን የያዘው ከግንቡ ውጭ፣ ከሐረር በር ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ፣ ምድር ቤት ይያዝለት፤ ቀን ቀን በባጃጅ እየገባ ይቀላቀላል። ሌላው ጀጎል ያድራል። ይህ ሲባል የሚከፋው ሰው አይጠፋም፤ ጉዞው ሳይጀመር ቢከፋ ይሻላል።

የቤት ደንብ ደግሞ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ይጠየቅ። መጠጥ ወደ ቤታቸው የማያስገቡ ብዙ ናቸው፤ ጫት በአንዱ ቤት ነውር የለውም፣ በሌላው አይፈቀድም። ላልተጋቡ ወንድና ሴት አንድ ክፍል የማይሰጥም አለ። የግቢው በር ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ለማን ይደውላል? መታወቂያ ሁሉም ይያዝ። ጎህ ሳይቀድ አዛን ይሰማል፣ ፈረስ መጋላ ዳር ከሆናችሁ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ድምፅም ይጨመራል፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ወደ ጓሮ የዞረ ክፍል ይሰጠው።

ቀኑን ስትመርጡ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንዱ ቁልቢ ነው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ተሳላሚው ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለውን አልጋ ይሞላዋል። ሌላው ሸዋል ኢድ ነው፤ ከኢድ አልፈጥር በኋላ ስድስቱ የጾም ቀናት ሲያበቁ የሚከበር፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው። በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዞ የሚያስይዝ ሰው ይሳሳታል። ሸዋል ኢድን ማየት የፈለገ ቡድን ወራት ቀድሞ ይያዝ፤ ማየት ያልፈለገ ደግሞ ያንን ሳምንት ይዝለለው፣ ዋጋውም ሰውም ይበዛል። በረመዳን የሚሄዱም ቁርስ ማን እንደሚያዘጋጅና ምሳ የት እንደሚበላ ቀድመው ይጠይቁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ መሥሪያ ቤት ለሚልከው ቡድን የተጨማሪ እሴት ታክስ (ተእታ) ደረሰኝ ያለው ቤት መሆኑን አረጋግጡ፤ ብዙ የእንግዳ ማረፊያዎች የላቸውም። ሆቴል ዋጋ ሲናገር 15 በመቶው ተእታና የአገልግሎት ክፍያው ውስጡ ነው ወይስ ከላይ የሚጨመር የሚለውን ጠይቁ፤ በአሥራ ሁለት ሰው ሲባዛ ልዩነቱ አንድ ክፍል ያስይዛል። ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲላክ የቀኑ፣ የክፍሉ ብዛትና «ቀኑ ቢቀየር ቀብዱ ይተላለፋል» የሚለው ስምምነት በዚያው መልእክት ይጻፍ። ከመነሳታችሁ ሦስት ቀን በፊት ደግሞ ደውሉ፣ የስም ዝርዝሩንም ከነክፍል ድልድሉ ላኩ። ድልድሉ ሳይላክ ከተደረሰ ቁልፉ ቀድሞ ለደረሰው ይሰጣል፤ ቀላ ላይ የሚወጡትም እኚያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይሆናሉ።