ከሠንጠረዡ የተሰረዘችው ሰባተኛዋ ቅንጣት

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሠንጠረዡን አይተው ሲመልሱልኝ፣ ካስገባኋቸው ከጨረቃ ዓለት የተገኙ 12 የዚርኮን ማዕድን ቅንጣቶች በአንዷ ላይ ቀይ መስመር አስምረውባት ነበር። የተሰረዘችው ሰባተኛዋ ናት። የ11ዱ ዕድሜ በ3.9 ቢሊዮን ዓመት ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ የእሷ ግን 4.2 ቢሊዮን ግድም ነበር። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ቅሬታው ከውስጤ አልወጣም።

ናሙናው ከጨረቃ ደጋማ ምድር የመጣ፣ በግጭት ተሰባብሮና ቀልጦ መልሶ የተጋገረ ብሬሺያ ሲሆን፣ ከ1969 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የአፖሎ ጉዞዎች ካመጡት 382 ኪሎ ግራም ውስጥ ለእኛ የደረሰን ከጥፍር የማይበልጥ ስባሪ ነበር። እንዲህ ባለ ዓለት ውስጥ ዚርኮን የምንፈልገው፣ ዩራኒየም ስለሚይዝና ከዩራኒየሙ የሚወለደውን እርሳስ፣ ሙቀቱ ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ ካላለፈ በቀር በቀላሉ ስለማይለቅ ነው፤ ዕድሜውን የምናሰላው ከሁለቱ ምጣኔ ነው።

«ሰባተኛዋን ለምን ሰረዟት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከሌሎቹ ጋር አትገጥምም። የዚህ ዓለት ዕድሜ ደግሞ የታወቀ ነው።»

«ከዚያ ቀደም ብሎ የደረሰን ግጭት የምትመሰክር ብትሆንስ?»

«ግጭት ሳይነካት ከማግማ፣ ከቀለጠ ዓለት፣ የተፈጠረች፣ ኋላ ዓለቱ ውስጥ የገባች ልትሆንም ትችላለች። ለመሆኑ ውስጧን አይተሽዋል?»

አላየሁትም ነበር። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ወረፋ ስለረዘመብኝ፣ ዕድሜያቸውን ለመለካት ቅንጣቶቹን የሚቆፍረው የአዮን ጨረር የሚያርፍባቸውን ነጥቦች የመረጥኩት በተራ ማይክሮስኮፕ ብቻ አይቼ ነው። ጥያቄው ተገቢ መሆኑን እዚያው አውቄዋለሁ፤ ምክንያቱም ከማግማ እንደወጣ የቆየ ዚርኮን ውስጡ ለስላሳና ባለ ንብርብር ሲሆን፣ በኃይለኛ ግጭት ተመቶ የጋለው ግን ወደ ጥቃቅን እንክብሎች ይፈራርሳል፤ እርሳሱን የሚለቀውና ሰዓቱን እንደ አዲስ የሚጀምረውም ያ የተፈረካከሰው ክፍል ነው። የግጭቱ ዘመን የሚነበበው ከእሱ ነው። ያን ዕለት ያናደደኝ ግን ጥያቄው ራሱ ሳይሆን፣ ስለ 11ዱ አንድም ቃል አለመነሳቱ ነው። የእነሱንም ውስጥ አላየሁም ነበርና።

የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ተራ እንደደረሰኝ ሁሉንም ፎቶ አነሳኋቸው። ሰባተኛዋ ቁመቷ 60 ማይክሮሜትር ያህል ነበር። ግራ ጎኗ ለስላሳ ነው፤ ቀጫጭን ንብርብሮቹ ሳይታጠፉ ይታያሉ። ቀኝ ጎኗ የተጨመቀ አሸዋ ይመስላል። ጨረሩ የቆፈረው ሞላላ ጉድጓድ ያረፈው ከሁለቱ ድንበር ላይ ነበር፤ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ። እንግዲህ 4.2 ቢሊዮን የተባለው ቁጥር የቆየውን ልደትና ኋላ የመጣውን ግጭት ያቀላቀለ እንጂ የአንድም ድርጊት ዘመን አልነበረም። ከ11ዱም ውስጥ በሁለቱ ላይ ጨረሩ ስንጥቅ ላይ አርፎ አገኘሁ፤ በስንጥቅ በኩል እርሳስ ስለሚሾልክ ዕድሜያቸው ሊታመን አይችልም። እነሱ ግን የተጠበቀውን ቁጥር ስለሰጡ ማንም አልጠረጠራቸውም።

ይህ የእኛ ላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከነከነኝ። በ1974 ተመራማሪዎቹ ቴራ፣ ፓፓናስታሲዩና ዋሰርበርግ የአፖሎ ዓለቶች ዕድሜ በ3.9 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ መከማቸቱን አይተው፣ ጨረቃ በዚያ ዘመን በድንገተኛ የግጭት ውርጅብኝ ተመትታለች የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ከማስረጃ የተነሣ ነበር። ይሁን እንጂ ስድስቱም የአፖሎ ማረፊያዎች ከምድር በሚታየው ገጽ ላይ ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ስፋቱ ከ1,100 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የኢምብሪየም ጎድጓዳ በግጭት ሲፈጠር የረጨው ፍርስራሽ በሰፊው ተበትኗል። ስለዚህ ብዙ ናሙና ያው ዕድሜ ቢሰጥ፣ ብዙ ግጭቶችን ሳይሆን አንዱን ግጭት ደጋግመን ቆጥረን ሊሆን ይችላል። የተጠበቀው ነገር ዓይን ሲጋርድ ያን ጊዜ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ1972 የአፖሎ 16 ጠፈርተኞች የእሳተ ገሞራ ዓለት ይገኝበታል ወደተባለው ወደ ደካርት ደጋማ ስፍራ ተልከው፣ በአብዛኛው ያገኙት በግጭት የተፈጠረ ብሬሺያ ነበር።

ሥዕሎቹን ይዤ ስመለስ ኃላፊው ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያም «ሁለቱን አውጫቸው» አሉኝ። ሰባተኛዋ ከነሥዕሏና ከነጉድለቷ በግርጌ ማስታወሻ እንድትገለጽ ብለምንም «ቦታ የለም» ብለው ዘጉት። ሠንጠረዡ በዘጠኝ ቅንጣቶች ወጣ፤ አንባቢው ሦስቱ መኖራቸውንም ሆነ ለምን እንደወጡ አያውቅም።

የቻይናው መንኮራኩር ቻንግኤ 6 በ2024 ከጨረቃ ሩቅ ገጽ 1,935.3 ግራም ናሙና አምጥቶ፣ በዚያው ገጽ ያለው ግዙፉ የሳውዝ ፖል ኤትከን የግጭት ጎድጓዳ የተፈጠረው ከ4.25 ቢሊዮን ዓመት በፊት መሆኑ በተነገረ ጊዜ፣ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ «ቅንጣትሽ ልክ ነበረች» ብሎ ጻፈልኝ። አልነበረችም፤ የቁጥሮቹ መቀራረብ የተቀላቀለውን ልኬት አያጠራውም፤ ይህንኑ መለስኩለት። ቅንጣቷ ግን እስከ ዛሬ በሬዚን ዲስኳ ውስጥ ናት፤ ጨረሩ ያልነካው የተፈረካከሰው ጎኗ ወርዱ 10 ማይክሮሜትር አይሞላም። ያኔ የነበረን ጨረር ለዚያ ይሰፋ ነበር። ከዚያ በጠበበ ጨረር እንደገና እንድትለካ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ከማመልከቻውም ጋር የሁሉንም የ12ቱን ሥዕል አያይዣለሁ።