ባዶ የቀረችው መስመር

ዛሬ አንዲት ስደተኛ እናት ቅጽ ስትሞላ ሳግዛት ዋልኩ። «የልጁ ዜግነት» የሚለው ጋ ስንደርስ ዝም አለች። ሕፃኑ ጣቴን ጨብጦ ይስቃል። «ምን ብዬ ላስጽፍህ?» አለችኝ።

የተወለደበት አገር እዚያ በመወለድ ብቻ ዜግነት አይሰጥም። የእሷ አገር ሕግ ደግሞ ዜግነት የሚያወርሰው በአባት ነው፤ አባትየው የለም። (እናት እንደ አባት እኩል ዜግነት የማታወርስባቸው አገሮች ዛሬም ከ20 በላይ ናቸው፤ ያንገበግበኛል።)

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው ዜግነት የማግኘት መብት አለው ይላል። የትኛው አገር ይስጠው? እሱን አይናገርም። አገር አልባነትን ለመቀነስ የወጣው የ1961ዱ ስምምነት ይህን ሊሞላ ሞክሯል፤ የሚያስገድደው ግን ያጸደቁትን አገሮች ብቻ ነው።

መስመሯን ባዶ ትተን ወጣን። ነገ ጠበቃ ይዤላት እመለሳለሁ።