እጀታውም ውስጥ ነው

የአጎቴ ሃይሉክስ ፒካፕ በ1990 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ኮድ 3 ታርጋ የለጠፈች፣ ሲሚንቶ፣ የብረት በርና የበዓል በግ ስታመላልስ የኖረች መኪና ናት። ሞተሯ በጥቅምት ብርድ ሳይቀር ሳያንገራግር ይነሣል፤ ችግሩ ሞተሩን ለማስነሣት መጀመሪያ መግባት ማስፈለጉ ነበር። የሾፌሩ በር የውጭ እጀታ የተሰበረ ጊዜ አጎቴ በቀኙ በር እየገቡ፣ ማርሹን ተሻግረው መሪው ፊት መቀመጥ ለመዱ። የቀኙም በተራው እጃቸው ላይ ሲቀር መስኮቱን ክረምት ከበጋ ክንድ በሚያስገባ መጠን ክፍት እየተዉ፣ እጃቸውን ሰድደው በውስጡ መክፈቻ ይከፍቱ ጀመር። ለቅሶ ለመድረስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡ የሰፈር እናቶች ይህን ሥርዓት ሲያዩ «እኛ ከኋላ ይሻለናል» ብለው ከነክብራቸው ጭነቱ ላይ ይወጡ ነበር።

«ለምን አይቀይሯትም?» ላላቸው ሁሉ አጎቴ በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ይጠቅሳሉ። አዋጁ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ የእኛዋ አሮጌ መኪና መባሏ ቀርቶ ቅርስ ሆናለች ባይ ናቸው። ቅርስም ቢሆን በር ያስፈልገዋል ብዬ ተከራክሬ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ።

እጀታ ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድን። ሻጩ ልጁን ወደ መጋዘን ከመላኩ በፊት «ግራ ነው ቀኝ?» ብሎ ጠየቀ። ግራ የሚባለው መሪ ለያዘ ሰው ነው ወይስ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ለቆመ በሚለው ላይ ሻጩ፣ ደላላውና ለራሱ ጉዳይ የመጣ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ተሟገቱ። የሚቆጠረው መሪ ለያዘው ነው፤ ነገር ግን ይህን መናገር አራተኛ ተሟጋች መሆን ስለነበር ዝም አልኩ። አጎቴ ግን የተሰበረውን የግራ እጀታ ቁራጭ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ክርክሩ በአንድ አፍታ ተዘጋ። የተገኙት ሁለት እጀታዎች የግራው ኒኬል የተቀባ፣ የቀኙ ደግሞ ጥቁር ነበሩ። እኔ ቅር ሲለኝ አጎቴ «አንተ ልጅ፣ ሁለቱን በሮች በአንድ ጊዜ የሚያይ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ሥራውን የጀመርነው ከግቢው ውጭ፣ ሁለት መኪና በማያስተላልፈው ኮብልስቶን መንገድ ዳር ነው። እጀታው በሁለት 10 ቁጥር ቡሎኖች የታሰረው ከበሩ ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ እነሱ ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ የውስጡ ሽፋን መነሣት አለበት፤ ሽፋኑ እንዲነሣ ደግሞ የመስኮቱ ማዞሪያ መውለቅ ይኖርበታል። ማዞሪያውን ከኋላው የያዘችው ከጥፍር የማትበልጥ ግማሽ ክብ ሽቦ ናት። ብልሃቱ ጨርቅ ከማዞሪያው ጀርባ አስገብቶ ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው፤ የጨርቁ ጠርዝ የሽቦዋን ጫፍ ሲይዝ ሽቦዋ ተፈናጥራ ትወጣለች። የት እንደምታርፍ ግን ብልሃቱ አይናገርም። የግራዋ አጎቴ ግንባር ላይ አረፈች፤ የቀኟን የሰፈር ልጆች በማስቲካ ዋጋ ከቦይ ውስጥ ፈልገው አመጡልን። ከዚያ ሽፋኑንና ዝናብ የሚያግደውን ላስቲክ ገልጠን፣ መስታወቱ ወርዶ ቡሎኖቹን እንዳይጋርድብን ማዞሪያውን ለጊዜው መልሰን ሁለቱንም መስኮቶች እስከ ላይ ዘጋን፤ ከመቀርቀሪያው ጋር የሚያገናኙትን ቀጫጭን ዘንጎች አላቀቅን፤ የተሰበሩትንም እጀታዎች አወጣን። ፒካፗ በግራና በቀኟ ባዶ ቀዳዳ ይዛ፣ በሮቿን በርግዳ ቆመች። እጃችንን ልንታጠብ ወደ ግቢ ገባን።

በዚህ መሐል አንድ አይሱዙ አሸዋ ጭኖ መጣና ጥሩምባውን አንባረቀው። የአጎቴ ባለቤት መንገድ የዘጋ ሰው መባልን ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩ ሴት ናቸውና፣ ሮጠው ወጥተው ሁለቱንም በሮች በየተራ ድርግም አደረጓቸው። አይሱዙውም አመስግኖ አለፈ። ቁልፉ፣ መፍቻው፣ ካቻቪቴውና ሁለቱ አዳዲስ እጀታዎች ግን ወንበሩ ላይ ነበሩ።

አጎቴ ከቁም ሣጥን የልብስ መስቀያ አምጥተው ሽቦውን አቀኑና በእጀታው ቀዳዳ በኩል የመቀርቀሪያውን ምላስ ማጥመድ ያዙ። እኔ በስልኬ ባትሪ ቀዳዳውን አበራለሁ። ከፊታችን በሚሠራው ሕንፃ አዲስ የተቀጠረ የጥበቃ ሠራተኛ ዱላውን እንደያዘ መጥቶ አጠገባችን ቆመ።

«አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«መኪናዬን እየከፈትኩ ነው።»

«ቁልፍዎስ?»

«ውስጥ ነው።»

«እሺ፣ የበሩ እጀታስ?»

አጎቴ ሽቦውን ሳይለቁ ትንሽ አሰቡ። «እሱም ውስጥ ነው።»

ጠባቂው ወደ እኔ ዞሮ፣ በሽማግሌ ተከልሎ የሚሰርቅ ጎረምሳ ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ በሚናገር ዓይን ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተኝ። ሰው ተሰበሰበ። የአጎቴ ባለቤት ለምስክርነት ወጥተው «ባለቤቴ ናቸው፤ መኪናዋም የእኛ ናት፤ በሮቹን የዘጋሁትም እኔ ነኝ» ሲሉ ነገሩ ከመጥራት ይልቅ ቤተሰቡ በሙሉ የተባበረበት መሰለ። በመጨረሻ ጠባቂው የሁላችንንም ልፋት መታገሥ ስላቃተው ሽቦውን ከአጎቴ እጅ ተቀበለ፤ ጫፉን በጥርሱ ቆልመም አድርጎ አስገባው፤ ጆሮውን ላሜራው ላይ አስደገፈ፤ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። የተሰበሰበው ሰው ዝም አለ፤ ከዚያም እኛን ትቶ እሱን ያይ ጀመር።

እሱ ግን ግድ አልሰጠውም። ጎንበስ ብሎ መቀርቀሪያውን በጣቱ እያንቀሳቀሰ «አባት፣ ይህ እኮ ደርቋል። አዲስ ቢያስሩም ነገ ይሰበራል፤ ግሪስ ይቀቡት» አለ። እውነቱን ነበር፤ መቀርቀሪያው አቧራና ዝገት ሲይዘው ሰው በሩን አጥብቆ ይስባል፤ ጉልበቱን የሚሸከመው ደግሞ ምስኪኑ እጀታ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ግሪስ በናፍጣ አጥበን አዲስ ቀባን። እጀታዎቹን አስረን የዘንጎቹን ርዝመት ጫፋቸው ላይ ያለችውን ፕላስቲክ እያዞርን አስተካከልን፤ ዘንጉ ከልክ በላይ ከጠበቀ በሩ አልያዝ ይላል፣ ከላላም እጀታው በከንቱ ይሳባል። የቁልፍ መግቢያውንም ከአሮጌው አውጥተን ወደ አዲሱ ስላዛወርን የተለመደው ቁልፍ ሠራ። በሮቹን ከመዝጋታችን በፊትም መቀርቀሪያውን በካቻቪቴ ገፍተን እንደተዘጋ አድርገን፣ እጀታውን ስንስብ ምላሱ መመለሱን አየን። የአጎቴ ባለቤት በዚህ ጊዜ ሁሉ ከመኪናዋ ራቅ ብለው እንዲቆሙ በትሕትና ተለምነው ነበር።

አሁን ሁለቱም በሮች በአንድ ጣት ይከፈታሉ፤ ያችን ጣት ግን አጎቴ ከራሳቸው በቀር ለማንም አልፈቀዱም። ሰው ሊሳፈር ሲመጣ «ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትነካ!» እያሉ ይወርዳሉ፤ ዞረው በቀኝ በኩል ይመጣሉ፤ ጥቁሩን እጀታ በቀስታ ስበው በሩን እንደያዙ ይቆማሉ። ባለፈው እሑድ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ይህን አይተው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ «እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ዛሬም አለ? እድሜ ይስጥህ ልጄ!» ብለው ራሳቸውን ሳሟቸው። አጎቴም ምርቃቱን ጎንበስ ብለው «አሜን» እያሉ ተቀበሉ፤ ሴትየዋ በሩን ከውስጥ ለመሳብ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን «ኧረ በፈጠረዎት፣ እኔው እዘጋዋለሁ!» ብለው ጮኹ።