ሰው በሌለበት የተቀለደ ቀልድ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ምንም የሆነ ነገር የለም፤ ክረምት ሲገባ እንዲህ እንደምሆን ታውቃላችሁ። ጓደኛዬ መ. «ተነሽ ባክሽ፣ ትንሽ እንሳቅ» ብላ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለች አንዲት ቤት ስታንዳፕ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ልጁ ጎበዝ ነው። ብቻውን ማይክ ይዞ ቆሞ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፣ ሰዉ በሳቅ ይንከተከታል። የኔ ሐሳብ ግን ወደ ሮቢንሰን ክሩሶ ሄደ።

መርከቡ ተሰብሮ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው የሚተርከውን፣ ዳንኤል ዲፎ እ.ኤ.አ. በ1719 ያሳተመውን ይህን ልብ ወለድ ሰው የሚያስታውሰው በአጥሩ፣ በፍየሎቹና አሸዋው ላይ በታየው የእግር ዱካ ነው። ቀልድ አለበት ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። አለበት እኮ! ክሩሶ ከተሰባበረው መርከብ ውስጥ 36 ፓውንድ የሚያህል ገንዘብ ያገኛል። ገንዘቡን ፊት ለፊት ያዋርደዋል፤ እዚህ ምን ትረባኛለህ፣ አንዷ ቢላዋ ይህን ሁሉ ክምር ትበልጣለች ይለዋል። ከዚያ ትንሽ ያስብና ይዞት ይሄዳል። ስድቡ ረጅም፣ መውሰዱ አጭር። ኮሜዲያኖች ስንት ዓመት የሚለፉት ይህን ልክ ለማግኘት ነው።

ሌላ ቦታ ደግሞ ማዕድ ላይ ንጉሥ ሆኖ ይቀመጣል። የመናገር ፈቃድ ያለው በቀቀኑ ብቻ ነው። ያረጀው ውሻ በቀኙ፣ ሁለቱ ድመቶች ከወዲያና ከወዲህ ሆነው ቁራሽ ይጠብቃሉ። ይህን ያየ፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው እንኳ ፈገግ ይል ነበር ይለናል። ግን ማን አይቶ? ደሴቷ ላይ 28 ዓመት ሲኖር ከ20 በላዩን ያሳለፈው ያለ ሰው ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

እኛ ዘንድ ቀልድ ያለ ተቀባይ ሆኖ አያውቅም። አዝማሪ ቤት ግጥሙን የሚሰጠው ተቀምጦ የሚጠጣው ሰው ነው፣ «ተቀበል!» እያለ። የተሰደበውም አብሮ ይስቃል፣ ገንዘብም ይሸልማል። ስታንዳፕም ብቻውን የቆመ ሰው ይመስላል እንጂ ጊዜውን የሚይዝለት ታዳሚው ነው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ሪቻርድ ፕራየር እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ፊልሙ ልቡ ሊቆም የደረሰበትን ቀን ሲያወራ ልቡን ራሱን ያናግረዋል፤ ልቡ አትተንፍስ እያለ ያዘዋል፣ እሱ መድረኩ ላይ ይወድቃል። አንድ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ማለት ነው። ክሩሶም በቀቀኑን ስሙን እንዲጠራው አስተምሮት ነበር። ፕራየር ግን ከሞት አፋፍ ተመልሶ የሚነግራቸው ሰዎች ነበሩት።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ክሩሶ ደሴቷ ላይ ከሞት አድኖ አገልጋዩ ያደረገውን፣ «አርብ» ብሎ የሰየመውን ሰው ነው። መጽሐፉ ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ ሁለቱ ከደሴቷ ወጥተው ከሌሎች መንገደኞች ጋር በስፔንና በፈረንሳይ መካከል ያሉትን የፒሬኒስ ተራሮች በበረዶ ሲያቋርጡ፣ ድብ ያያሉ። አስጎብኚያቸውን ተኩላ ነክሶት ሁሉም ደንግጠዋል። አርብ ጌታውን ላስቃችሁ ብሎ ያስፈቅድና ድቡን አናዶ ዛፍ ላይ ያስወጣዋል፣ ቅርንጫፉን እየነቀነቀ ያስጨፍረዋል፣ በመጨረሻ በጥይት ይገድለዋል። ከዚያ ዞር ብሎ ሳቁ አልሳቁ ብሎ ያያቸዋል። ደስ እንዳላቸው ከፊታቸው ሲረዳ እሱም ጮክ ብሎ ይስቃል።

ያቺ ዞር ማለት ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። አገሩን ትቶ የወጣ፣ ስሙ እንኳ የሌላ ሰው ስጦታ የሆነ፣ ከመንገደኞቹ ሁሉ ዝቅ ብሎ የሚታይ ሰው ነው። ክሩሶ ማንም ሳያየው ቀለደ፣ ማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። አርብ ግን መጀመሪያ ፊታቸውን ማየት ነበረበት። እነሱ ባይስቁስ? አገሩ ድብ የሚገደለው እንዲህ ነው ሲላቸው፣ ያገሩን ጨዋታ እያስታወሰ ብቻውን ይስቅ ነበር?